አህያው አንቱ፣ ሊቀመንበሩ አንተ

ባለፈው ሳምንት ልጄ እናኑ ከወልድያ መጥታ በረንዳዬ ላይ ቆመችና፣ «አባ፣ ምሳዎን በልተዋል? ካልበሉ ላምጣልዎ» አለችኝ። ቀሚስ ሊያሳጥሩ የመጡ አንዲት እመቤት አጠገቤ ተቀምጠው ነበር። እናኑ ወደ ጓሮ ዞር ስትል ጉልበቴን ነካ አድርገው፣ «ታድለዋል፣ አያ እንግዳው! የዛሬ ልጅ አባቱን እንደ ጓደኛ በሚጠራበት ዘመን እንዲህ ያለች ጨዋ! አንቱ ስትልዎ አፏ ላይ እንዴት ያምራል!» አሉኝ። መቀሱን ጠረጴዛው ላይ ጣል አደረግኩትና፣ «ቀሚስዎን ነገ ይውሰዱት» አልኳቸው። ሴትዮዋ ምን እንዳጠፉ ሳይገባቸው ነጠላቸውን እየሰበሰቡ ተነሡ። ጥፋት የለባቸውም። ሰው ሲያመሰግነኝ ደሜ የሚፈላበት ነገር ቢኖር ግን ይህ አንዱ ነው። ልጄ አንቱ የምትለኝ ጨዋ አድርጌ ስላሳደግኳት አይደለም። በጥፊ ስለመታኋት ነው። አራት ዓመት ተኩል እስኪሆናት ድረስ አንተ ነበር የምትለኝ፤ «አንተ አባ፣ ና እስቲ!» ብላ ነበር የምትጠራኝ። ያንን አንተ የወሰደብኝ ማን እንደሆነ ዛሬ ልናገር። ግማሹ ሰው እኔ ራሴ ነኝ።

ዘመኑን በዓመተ ምሕረት አልናገርም፤ ለኔ ዘመን የሚቆጠረው በልብስ ነው። የካኪ ሱሪ እየቀረ ቴትሮን የገባበት፣ ሴቶቹ ሽንሽን ቀሚስ በነጭ አንገትጌ የሚያሰፉበት፣ ኮንጎ ጫማ ለበዓል ተብሎ የሚገዛበት ጊዜ ነበር። ወታደር ሄዶ ወታደር የመጣበት፣ የመጣውም ጠመንጃውን ግድግዳ ላይ ሰቅሎ ስብሰባ የጀመረበት። አንድ ሱሪ ቆርጬ፣ ሰፍቼ፣ በከሰል ካውያ ተኩሼ ስምንት ብር እቀበል ነበር፤ በስምንት ብር ያኔ ደህና ዶሮ ይገዛል። በረንዳዬ ከላይኛው መንገድ ወደ ቅዳሜ ገበያ የሚወረድበት መታጠፊያ ላይ ነው። ከፊት ለፊቴ አንድ ሻይ ቤት ነበረች፤ ቴፗ ከጧት ጀምሮ አምባሰል ታንቆረቁራለች፣ ካሴቱ ሲጠላለፍ ባለቤቱ እስክሪብቶ ከቶ እያዞረ ያጠነጥነዋል፣ እኛም ዘፈኑ ከቆመበት እስኪቀጥል ዝም ብለን እንጠብቃለን። ዛሬ እዚያ ቦታ ላይ ባለ መስተዋት ሆቴል ቆሟል። ገበሬው ከገጠር ፈትል ይዞ ይመጣል፣ ፈረንጁ ከአስጎብኚው ጋር ወደ ውቅር አብያተ ክርስቲያናቱ ይወርዳል፣ ካህናቱ ጥላቸውን ይዘው ያልፋሉ፤ ሁሉም በኔ በኩል ነው የሚያልፈው። ቤቱ የቀበሌ ቤት ነበር። ከፊት በረንዳው ሱቄ፣ ከኋላ አንዲት ክፍል መኖሪያችን፣ ከጓሮ ደግሞ ቡላ የምንለው አህያችን ይታሰራል። እኔ፣ ሚስቴ የሺ፣ እናኑና ቡላ፤ ቤተሰቡ ይኸው ነው።

እናኑ አፏን የፈታችው በዚያ በረንዳ ላይ፣ በስፌት መኪናዬ ሥር ተቀምጣ ነው። ቀ እና ከ አልወጣላት አሉ፤ ሁለቱንም ተ ታደርጋቸዋለች። ረ ደግሞ ለ ይሆንባታል። እንግዲህ የልብስ ሰፊ ልጅ ክር ስትፈልግ ምን እንደምትል አስቡት። «አባ፣ ትል ስጠኝ!» ትለኛለች፤ ሱሪ ሊለካ የቆመ ደንበኛ ዘሎ እግሩ ሥር ያያል። መቀስ መተስ ነው፣ ቀሚስ ተሚስ ነው፣ መኪናዬ መቲና ናት። እናቷን ቆሎ ስትጠይቃት ደግሞ «ቶሎ ስጪኝ» ትላታለች። የሺ ማሰሮውን እየከደነች፣ «ምኑን ነው ቶሎ የምሰጥሽ?» ስትላት፣ «ቶሎ ነዋ! ቶሎ!» ብላ እግሯን መሬት ትመታለች። ይህ በቀን ስንት ጊዜ ይደጋገም እንደነበር አልቆጠርኩም፤ በሳቅኩ ቁጥር ግን ይበልጥ ትቆጣ ነበር።

መጀመሪያ ስንስቅ ትቆጣለች እንጂ እሷ አትስቅም። በኋላ አንድ ቀን፣ ሦስት ዓመት ከመንፈቅ ሆኗት ይመስለኛል፣ መርፌ እንዳይወጋኝ ጣቴ ላይ የማጠልቃት ቆርቆሮ ጠፋችብኝ። ጨርቁን አራገፍኩ፣ ቁልፍ የማኖርበትን ጣሳ ገለበጥኩ፣ የለችም። «እናኑ፣ አላየሽልኝም?» አልኳት። ቡጢዋን ጨብጣ ጀርባዋ ላይ ደብቃለች። «ትል በላው» አለችኝ። ዓይኗን ሳየው ገባኝ። ትል ማለት ምን እንደሆነ ታውቃለች። ክር ለማለት ፈልጋ እንዳልሆነም ታውቃለች። ይህቺ ጭብጥ የምታህል ልጅ በማይወጣላት ፊደል ራሷ ቀልድ ሠራችበት። ሆዴን ይዤ ሳቅኩ፤ እሷም ስስቅ አይታ ሳቀች፤ ቡጢዋን ከፍታ ቆርቆሮዬን ሰጠችኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እሷ ተናጋሪ፣ እኔ ሳቂ ሆንን። አንድ ነገር ከመናገሯ በፊት በጎን አየት ታደርገኛለች፣ ተናግራ ትጨርስና ፊቷን ወደኔ ትመልሳለች፤ እስክስቅ ትጠብቃለች። ይህን ልብ በሉልኝ። በዓለም ላይ ለዚያች ልጅ ቀልድ ዳኛው እኔ ነበርኩ።

በዐቢይ ጾም የነፍስ አባታችን ሊጠይቁን መጡ። የሺ ውሃ በጣሳ ይዛ፣ «ነይ ፊትሽን ታጠቢ፣ አባ መጥተዋል» ስትላት እናኑ ከጠረጴዛው ሥር ሆና፣ «ፊቴ ጾም ነው» አለች። አባም በሳቅ መስቀላቸውን ሊጥሉት ደርሰው፣ «ልጄ፣ እስከ ስንት ሰዓት ነው የሚጾመው?» ቢሏት፣ «እስተ ፋሲታ!» አለቻቸው። ሌላ ቀን ደግሞ ፈረንጆች በደጃችን ቆመው ሲስቁ ሰምታ፣ «አባ፣ በአማልኛ ነው የሚስቱት?» ብላ ጠየቀችኝ። ዛሬም መልሱን አላውቀውም። ያን ጊዜ እነዚህን ቃላት እንደ ፍርፋሪ ነበር የምመለከታቸው፤ ነገም ከነገ ወዲያም የሚመጡ፣ የማያልቁ መስለውኝ። ወላጅ ምን ያህል ድንቁርና እንዳለበት!

አራት ዓመት ሲሞላት የሺ ሥርዓት ልታስተምራት ተነሣች። «ታላቅ አንቱ ይባላል» አለቻት። እናኑ አሰበችና፣ «ታላት ማን ነው?» አለች። «ካንቺ በፊት የተወለደ ነዋ።» ይህ መልስ በቂ ነበር። በማግሥቱ ጧት ጓሮ ስወጣ ልጄ አህያው ፊት ቆማ፣ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ፣ ጎንበስ ብላ፣ «ጋሽ ቡላ፣ እንደምን አደሉ?» ትላለች። የሺ ለካ አህያው ከሷ በፊት መወለዱን አላሰበችም። ከዚያ ወዲህ ቡላ አንቱ ሆነ፤ «ይሂዱ እንጂ፣ ጋሽ ቡላ!» እያለች ነበር ከእናቷ ጋር ወደ ምንጭ የምትነዳው። አውራ ዶሮው ባምናው ክረምት ስለተፈለፈለ አንተ ሆነ። እኔና እናቷን አንቱ እንድትለን የሺ ብትለምናት እምቢ አለች። «እናንተማ የኔ ናችሁ» አለች። ይህን ያለችውን ስሰማ ትከሻዬ ሰፋ። መንደርተኛው ነገሩን ሰምቶ አህያውን ሲያገኝ ባርኔጣውን ያነሣለት ጀመር።

የቀበሌያችን ሊቀመንበር ያን ጊዜ ነው የሚመጣው። ስሙን አልጠራውም። ሠላሳዎቹ ውስጥ ያለ፣ ደብተር በብብቱ፣ ፊሽካ በአንገቱ የማይለየው ሰው ነበር፤ ፊሽካው ሲነፋ አራሹ ሞፈሩን፣ አናጢው መዶሻውን ጥሎ ስብሰባ ወደሚደረግበት ዛፍ ሥር ይወጣል። ስብሰባው ስለ እርከን ይሁን፣ ስለ መዋጮ ይሁን፣ ወይስ ስለ ያለፈው ስብሰባ፣ ማንም ለይቶ አያስታውስም። አንድ ቅዳሜ ገበያው ሞልቶ፣ በረንዳዬ ሞልቶ ሳለ መጣና፣ «ሐሙስ ስብሰባ አለ፤ የቀረ ይጻፋል» አለኝ። እሺ አልኩት። ሊሄድ ሲል እናኑን ከጠረጴዛው ሥር ቁልፍ ስትለቅም አያትና ጎንበስ አለ።

«አንቺ ነሽ አሉ አህያ አንቱ የምትዪው?»

«አዎ» አለችው።

«እኔንስ ምን ትዪኛለሽ?»

«አንተ።»

«ወይ ጉድ! አህያው አንቱ፣ እኔ አንተ?»

እየሳቀ ነበር፤ ይህን አልክድበትም። እናኑ ቁልፉን በጣቶቿ እያሸች ጥቂት አሰበች። ከዚያ በጎን አየት አደረገችኝ። «ጋሽ ቡላ ውሃ ያመጣሉ» አለችው። «አንተ ምን ታመጣለህ?»

ከሻይ ቤቱ በረንዳ ላይ አንድ የወንድ ድምፅ፣ «ስብሰባ!» አለ።

ገበያው በሳቅ ተናጋ። በርበሬ የምትሸጠዋ ሴት ቁና ከእጇ ወደቀ። እኔም ሳቅኩ፤ ልጄ ፊቷን ወደኔ መልሳ ስትጠብቀኝ እንዴት አልስቅም? የሊቀመንበሩ ሳቅ አፉ ላይ ቀረ እንጂ ዓይኑ ላይ አልነበረም። ደብተሩን ወደ ብብቱ መለሰና ሄደ። ያን «ስብሰባ!» ያለውን ሰው ማን እንደሆነ እስከ ዛሬ አላወቅኩም። ከዚያች ቀን በኋላ ስንት ዓመት ሻይ አብረን ጠጥተናል ማለት ነው፣ እየተሳሳቅን፣ እየተገባበዝን፤ አንድም ቀን እኔ ነኝ አላለም። እሱንም ይቅር አላልኩትም።

ሰኞ ወረቀት መጣልኝና ቀበሌ ሄድኩ። ሊቀመንበሩ እንድቀመጥ አልጋበዘኝም። «ይህ የአራት ዓመት ልጅ ቃል አይደለም» አለኝ። «አፏ የሷ ነው፣ ቃሉ የሌላ ነው።»

«ጌታዬ፣ ገና ልጅ ናት» አልኩት፤ አዎ፣ ጌታዬ ነው ያልኩት። «ቆሎ ማለት እንኳ አልቻለችም።»

«ስብሰባ ማለት ግን ችላለች።»

«እሷ አላለችም። ሌላ ሰው ነው ያለው።»

«ማን?»

«አላወቅኩትም፤ ገበያው ሞልቶ ነበር» አልኩት።

«አየህ? የምትኖርበት የሕዝብ ቤት ነው። በሕዝብ ቤት ተቀምጠህ በሕዝብ ሥራ ታሳስቃለህ። ለዚያ ቤት ደግሞ ማመልከቻ ያስገባ ብዙ ሰው አለ።» ደብተሩን ገልጦ አንድ ነገር ጻፈ። «ሐሙስ ይዘሃት ና። ሕዝብ ፊት ያለችውን ሕዝብ ፊት ታርመው። ይቅርታ ያድርጉልኝ ትበለኝ፣ አንቱ ትበለኝ፣ በቃ፣ ነገሩ ይዘጋል።»

ቤት ስመለስ ለየሺ ነገርኳት። «አትወስዳትም» አለችኝ። «ቤቱን ይቀሙናል» አልኳት። «ይቀሙን። አባቴ ቤት አለን።» «መኪናዬንስ የት አኖራታለሁ?» «አናትህ ላይ ተሸከማት!» አለችና ጀርባዋን ሰጠችኝ። እኔስ ምን አደረግኩ? ሐሙስ የሺ ቡላን ይዛ ምንጭ እስክትወርድ ጠብቄ ልጅቱን ወሰድኳት። ይህን ስናገር ዛሬም ፊቴ ይቃጠላል። ከትርፍራፊ ጨርቅ የሰፋሁላትን ሁለት ኪስ ያለው ቢጫ ቀሚስ አለበስኳት። መንገድ ላይ፣ «ምንድን ነው የምትዪው?» እላታለሁ፤ «ይትልታ ያድልጉልኝ» ትለኛለች። «እንደገና?» «ይትልታ ያድልጉልኝ!» እጄን ይዛ እየዘለለች። ሌላ የኛ ጨዋታ መስሏታል።

ሕዝቡ ድንጋይ ላይ፣ ሳር ላይ ተቀምጧል። ሊቀመንበሩ ከጠረጴዛ ኋላ ነው። ስለ እርከን ተናገረ፣ ስለ ሥነ ሥርዓት ተናገረ፣ ከዚያ «ወንድማችን እንግዳው» ብሎ ጠራኝ። ልጄን ይዤ ወጣሁና ከጠረጴዛው ፊት አቆምኳት። ጠረጴዛው ከሷ ይበልጣል። «በይ» አልኳት። እሷ ሕዝቡን አየች። ያን ያህል ሰው አንድ ላይ ተቀምጦ ሲያያት በሕይወቷ የመጀመሪያዋ ነው። ሊቀመንበሩን አየችው። ከዚያ እኔን በጎን አየት አደረገችኝ። ያቺን አስተያየት አወቅኳት።

«ዛሌስ ምን አመጣህ?» አለችው። ፊቷንም ወደኔ መለሰች፤ እስክስቅ ልትጠብቅ።

ሰው እንዲህ ያለ ነገር ሲደርስበት እጄ ቀደመኝ ይላል። ውሸት ነው። የኔ እጅ አልቀደመኝም። አሰብኩ። በረንዳውን አሰብኩ፣ ማመልከቻ ያስገቡትን ሰዎች አሰብኩ፣ ሊቀመንበሩ ደብተር ላይ ያለውን ስሜን አሰብኩ። ከዚያ መታኋት። በሙሉ መዳፌ፣ ያ ሁሉ ዓመት መቀስ በጨበጠ እጄ። ወደቀች። የታች ከንፈሯ በጥርሷ ተቀደደና ደሙ ቢጫው ቀሚስ ላይ ወረደ። አላለቀሰችም። ያለቀሰች ቢሆን ኖሮ ይህን ሁሉ አላወራም ነበር። ከወደቀችበት ሆና አየችኝ።

ያን ጊዜ ሊቀመንበሩ ከጠረጴዛው ኋላ ዘሎ ተነሣ። «ኧረ ተው! ልጅ አይደለችም እንዴ! ምን ዓይነት ጭካኔ ነው!» አለኝ። አነሣት። ከኪሱ መሐረብ አውጥቶ ከንፈሯን ጠረገላት። «እኛ እኮ ልናስተምር እንጂ ልንቀጣ አልመጣንም» ብሎ ለሕዝቡ ተናገረ። ሕዝቡም «እውነት ነው» አለ። አንዲት አሮጊት ከኋላዬ፣ «እሱ ባይኖር ኖሮ ይገድላት ነበር» ሲሉ ሰማኋቸው። ደግ የተባለው እሱ ነው። ጨካኝ የተባልኩት እኔ ነኝ። አባት በገዛ እጁ ልጁን እንዲመታ አድርጎ፣ ከእጁ ቀምቶ አቅፎ፣ ተመስግኖ ተቀመጠ። ይህን ትምህርት ከየት ነው የሚማሩት? በየትኛው ትምህርት ቤት ነው የሚሰጠው? እላለሁ እስከ ዛሬ።

ስንመለስ የሺን መንገድ ላይ አገኘናት፤ በቡላ ላይ ሁለት ጀሪካን ጭና ሽቅብ ትመጣለች። የልጅቱን ቀሚስ አየች፣ ከንፈሯን አየች። ትጮሃለች ብዬ ጠበቅኩ። አልጮኸችም። ገመዱን ፈትታ ጀሪካኖቹን አንድ በአንድ አውርዳ ከእግሬ ሥር አስቀመጠቻቸው። «ይኸው ውሃህ» አለችኝ። ልጄን ከእጄ ወስዳ አህያው ላይ አስቀመጠቻትና በመጣችበት ፊቷን አዞረች። ገነተ ማርያም፣ አባቷ ቤት ሄዱ። እናኑ ወደኋላ አልዞረችም። እኔ ሁለት ጀሪካን ውሃ ይዤ ቤቴ ገባሁ። ቤቱ ተረፈ! እንዴት ያለ ቤት ነው! በሳምንቱ የደንብ ልብስ ሥራ መጣልኝ፣ ደንበኛ በዛልኝ፣ ማንም ማመልከቻ አላስገባብኝም። ጧት ስነሣ ከጠረጴዛው ሥር ማንም የለም፤ ጨርቅ ስቆርጥ ቁርጥራጩ እዚያው እንደወደቀ ይከማቻል።

በሦስተኛው እሑድ ከረሜላና ከቁርጥራጭ የሰፋሁትን አሻንጉሊት ይዤ በእግሬ ወደ ገነተ ማርያም ወጣሁ። የየሺ አባት አባ ተሻለ ገበሬ ናቸው፤ የፊት ጥርሳቸው ያለቀ፣ ጨዋታ የሚወዱ ሽማግሌ። ከግቢው የድንጋይ ካብ ኋላ ስደርስ ድምፃቸውን ሰማሁና ቆምኩ።

«እስቲ ንገሪኝ» ይላሉ፤ «እነዚህ ጥርሶቼ የት ሄዱ?»

«ቆሎ ሲበሉ ቆሎው በላዎት!» አለቻቸው እናኑ። ሽማግሌው እንደ ሕፃን ተንከተከቱ፤ እሷም አብራ።

ካቡን ይዤ ቀረሁ። ቆሎ አለች። ቶሎ አላለችም። ቀው እንደ መስታወት ጥርት ብሎ ወጣላት፤ በየትኛው ቀን፣ ለማን፣ ምን ስትል እንደወጣላት አላውቅም። እኔ እዚያ አልነበርኩም። ያቺ ፊደል ከአንደበቷ እስክትወጣ ሁለት ዓመት ሙሉ መኪናዬ ላይ ተቀምጬ ስጠብቃት ኖሬ፣ በሦስት ሳምንት አመለጠችኝ። በሩን አልፌ ስገባ ሳቁ ተቆረጠ። እናኑ አየችኝና ከአያቷ ጋቢ ኋላ ገባች። ከረሜላውን ተቀበለች፣ አሻንጉሊቱንም ተቀበለች፤ አንድ ቃል ግን አልተነፈሰችም። በየአሥራ አምስት ቀኑ ሄድኩ። ከሁሉም ጋር ታወራለች፣ ከበጎቹ ጋር ሳይቀር። ከኔ ጋር ብቻ አፍ የላትም። ክረምቱ እንዲህ አለፈ፣ መስቀል አለፈ፣ ገናም አለፈ። አንድ ቀን ግን ልክ በሩ ላይ ስደርስ ወጣችና እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ፣ ጎንበስ ብላ፣ «እንደምን ዋሉ፣ አባቴ?» አለችኝ። አባ ተሻለ በደስታ፣ «አየኸው? እንዴት ያለ ሥርዓት ያዘች!» አሉኝ። የሺ ግን ከበሩ ሥር ቆማ እኔን ታይ ነበር። እሷ ገብቷታል። እኔም ገብቶኛል። «እናንተማ የኔ ናችሁ» ያለችበት ጊዜ አብቅቷል።

ትምህርት ቤት የምትገባበት ዕድሜ ሲደርስ ሽማግሌ ገብቶ የሺ ተመለሰች፤ አብረን እስከ ዛሬ አለን። እናኑም አደገች። አንድም ቀን አልዘለፈችኝም፣ አንድም ቀን ያልኳትን እምቢ አላለችም። ከጓዳው ከእናቷ ጋር ስትስቅ እሰማለሁ፤ ምን እንዳለች ለመስማት በሩን ገፋ ሳደርግ ሁለቱም እንባቸውን ሲጠርጉ አገኛቸዋለሁ፤ እሷ ትነሣና፣ «ይቀመጡ፣ አባ» ትለኛለች። እኔ የደረስኩት ሁልጊዜ ሳቁ ካለቀ በኋላ ነው። ሃያ ዓመት እንዲያ ኖርኩ። ወልድያ ፋርማሲ ተቀጥራ ልጠይቃት ስሄድ ባልደረቦቿ ከበቡኝና፣ «የእናኑ አባት እርስዎ ነዎት? ሆዳችን እስኪቆስል እኮ ነው የምታስቀን! ከማን ወረሰችው?» አሉኝ። ከማን እንደወረሰችው ልነግራቸው አፌን ከፈትኩ፤ እናኑ ግን፣ «አባ ደክሟቸዋል፣ ይረፉ» ብላ ወንበር አቀረበችልኝ። አንዴ ደፍሬ፣ ከመናኸሪያ ስትሸኘኝ፣ «እናኑ፣ ያኔ ሐሙስ ቀን...» ብዬ ጀምሬ ነበር። «እሱን ይተዉት፣ አባ፤ ልጅ ነበርኩ» አለችኝና ቦርሳዬን አስጫነችልኝ። ልጅ ስለነበርሽ እኮ ነው! ልላት ስል አውቶቡሱ ተነሣ።

ሊቀመንበሩ ከሥልጣን ከወረደ ብዙ ጊዜ ሆነው። እሱን ያወረዱት ሌሎች ሊቀመንበሮች ናቸው፤ ያ የነሱ ጉዳይ ነው። አምና፣ ሽበት ወርሶት፣ ምርኩዝ ይዞ በረንዳዬ ላይ መጣ። የኮት ገበር እንድቀይርለት ነው። ከአግዳሚው ላይ ተቀመጠና ስለ እህል ውድነት፣ ስለ ጉልበቱ ሕመም ያወራኝ ጀመር። የኮቱን ገበር እየተረተርኩ ቆየሁና ሳላስበው፣ «ልጄን ታስታውሳታለህ?» አልኩት። አንተ አልኩት፤ ከዚያ በፊት ብዬው አላውቅም ነበር።

«የቷን ልጅ?» አለኝ።

ነገርኩት። ስለ አህያው ነገርኩት፣ ስለ ገበያው፣ ስለ ሐሙሱ፣ ስለ ቢጫው ቀሚስ። ግንባሩን ቋጥሮ አዳመጠኝ። ሰውዬው አልዋሸኝም፤ ፊቱን አይቻለሁ፣ በእውነት አያስታውስም። ለሱ ከብዙዎቹ ሐሙሶች አንዱ ሐሙስ ነበር። ስጨርስ ራሱን ነቀነቀና፣ «ልጅን መምታት ጥሩ አይደለም፣ እንግዳው» አለኝ። «እኔ በዕድሜዬ ልጅ ላይ እጄን አንሥቼ አላውቅም።»

ኮቱን ከነክሩ፣ ከነተተረተረው ገበሩ ጠቅልዬ ጭኑ ላይ ወረወርኩለትና፣ «ውጣልኝ!» አልኩት። በመንገድ የሚያልፈው ሰው ቆሞ አየን። ሽማግሌው ተደናግጦ ምርኩዙን ፈለገ፣ ኮቱን በብብቱ ይዞ ደረጃውን አንድ በአንድ ወረደ፤ ከታች ላገኘው ሰው፣ «እርጅና ነው፣ ምን ይደረግ» ሲለው ሰማሁት። እኔ መኪናዬ ላይ ተመልሼ ተቀመጥኩ። ሰውዬው ያለው እውነት ነው። እሱ አልመታትም።